ማንኪያው የቆመበት ኩባያ

ከዚህ በታች ከምጽፈው ውስጥ አንዲት ቃል ሐሰት ብትገኝ፣ ከዛሬ ጀምሮ የምጎርሰው ሁሉ አመድ አመድ ይበለኝ። ለሌላ ሰው ይህ ቀላል መሐላ ሊመስል ይችላል። በምላሱ ለሚኖር ሰው ግን በዓይኑ ብርሃን ከመማል አይተናነስም። ሠፈሩም ሆነ መሥሪያ ቤቱ «ምላሱ» እያለ ነው የሚጠራኝ። አንዳንዱ፣ ስሙ የወጣልህ ወሬ ስለምታበዛ ነው ይለኛል። ምቀኛ አያሳጣኝ። ስሙ የወጣልኝ ጣዕም ስለማውቅ ነው፤ ያውም ከጨቅላነቴ ጀምሮ። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ምሳዋን ጨው አሳንሳ የበላች ቀን ጡቷን ገና አንዴ ስቤ ፊቴን አዞርኩባት ይባላል።

ነገሩ የሆነው የሚያቃጥል ሶስ በሚሠራበት ፋብሪካችን ውስጥ ነው። እኔ ያለሁት ክዳን በሚገጥመው ማሽን ላይ ነው። ጠርሙሱ ተሰልፎ ይመጣል፤ ማሽኑ ክዳኑን ጭኖ ያጠብቃል፤ እኔ ማሽኑን እመራለሁ። ሥራ አስኪያጁ ወር ሙሉ ቢተኛ ፋብሪካው ንቅንቅ አይልም፤ እኔን ያስነጠሰኝ ቀን ግን መስመሩ ይቆማል። የበርበሬውን ሽታ እንኳ ተዉት። በጣሪያችን ላይ የምታልፍ ወፍ መጀመሪያ ታስነጥሳለች፣ ከዚያ መንገድ ትቀይራለች። አዲስ ሠራተኛ የመጀመሪያውን ሳምንት እያለቀሰ ገብቶ እያለቀሰ ስለሚወጣ፣ መንገደኛው ሐዘን የደረሰበት እየመሰለው «እግዜር ያጽናህ» ይለዋል።

ባለቤቴ ደግሞ ቀማሚ ናት። ከኋላ ባለው ማብሰያ ክፍል፣ ሰው ቆሞ ቢገባባቸው አናቱ በማይታይባቸው ድስቶች መካከል ነው የምትውለው። ነገሩ በሆነበት ዓመት የራሷን ሶስ ሠርታ ነበር። ቀዩን ቃሪያ እሳት ላይ ጠብሳ ልጣጩን ትገፋለች። ካሮት ቀቅላ ትፈጨዋለች። ነጭ ሽንኩርቱን፣ ሌላው ሰው ከመጥበሻው ካወጣ በኋላ፣ አንዲት ትንፋሽ ያህል እሳቱ ላይ ታቆየዋለች። «ይመራል እኮ» ሲሏት፣ «ትንሽ ይምረር፤ ቃጠሎ ብቻውን ምን ወሬ አለው» ትላለች።

ስትሞክረው የኖረችው እኔ ላይ ነው። በማንኪያ ታመጣልኛለች፤ እኔም ወደ ዕቃ ማጠቢያው ዞሬ፣ ጀርባዬን ሰጥቻት እቀምሳለሁ። ትልቅ ቀማሽ ሲቀምስ ፊቱ አይታይም። ቧንቧውንም ከፈት አደርጋለሁ፤ የውኃ ድምፅ ሐሳብ ይሰበስባል። ከዚያ ዞሬ «ግሩም ነው» እላታለሁ። አንድም ቀን እንከን አላገኘሁበትም።

ችግሩ፣ በዚያው ክፍል ውስጥ ሌላም ቀማሚ መኖሩ ነው፤ የሥራ አስኪያጁ የእህት ልጅ። እኛ «ዱቄቱ» ነው የምንለው፤ ምክንያቱም ቃሪያ በእጁ ነክቶ አያውቅም። ከከረጢት ዱቄት ያወጣል፣ ይመዝናል፣ በውኃና በኮምጣጤ ያማስላል፣ እጁን ይታጠባል፣ አለቀ። ሽታ የለ፣ ዕንባ የለ። እሱም የራሱን ሶስ ሠራ።

ሥራ አስኪያጁ ሁላችንንም ሰበሰበና ፋብሪካው ጠርሙስ ውስጥ ሊያስገባ የሚችለው አንድ አዲስ ሶስ ብቻ እንደሆነ ነገረን። «ክፍሉም ሁለት ቀማሚ አይችልም» አለ። «ሶሱ ያሸነፈው ማብሰያ ክፍሉን ይረከባል። ሌላው ቦታ ይፈለግለታል።» የእህቱ ልጅ ቢሸነፍ ቢሮ ውስጥ ወንበር እንደሚፈለግለት ሁላችንም አውቀናል። ባለቤቴ ብትሸነፍ ግን ያለው ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ ጠርሙስ ማጠቢያው። ምድር ቤት ነው፣ መስኮት የለውም። ሴቶቹ የጎማ ሽርጥ ታጥቀው፣ እጃቸውን ውኃ ውስጥ ነክረው፣ ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው ይውላሉ። እዚያ የወረደ አፍንጫ ምን እንደሸተተው የሚጠይቀው የለም። ባለቤቴን በስብሰባው ላይ ጣቶቿን አንድ በአንድ ስታሸት አየኋት፤ ከወዲሁ ውኃ የነካቸው ይመስል።

አሁን ስለ ቅምሻው ሥርዓት ልንገራችሁ፤ እሱ ካልገባችሁ መከራዬ አይገባችሁም።

ቅምሻ የሚደረግባት ክፍል ከሬሳ ሳጥን ትንሽ ትሰፋለች፤ እሷም የምትሰፋው ለክርን ነው። አንድ ወንበር፣ አንድ የግድግዳ ጠረጴዛ፣ አንድ ማሰሮ ወተት፣ ጥቂት ቁራጭ ዳቦ። ውኃ የለም፤ ውኃ እሳቱን አያጠፋውም፣ ያዳርሰዋል እንጂ። መብራቱ ቀይ ነው፣ የሶሱ ቀለም ቀማሹን እንዳያታልለው፤ በዚያ ብርሃን ቀዩም ቢጫውም ሬንጅ ነው የሚመስለው። በሩ ከውጭ ይቀረቀራል። ቀማሹ ሳይጨርስ አይከፈትም፤ ንጹሕ አየር ከገባ ምላስ ይታደሳል፣ ሚዛን ይዛባል ይላሉ። ከጠረጴዛው በላይ የእንጨት መዝጊያ ያላት ጠባብ ቀዳዳ አለች። ትሪው የሚገፋው በእሷ ነው። ከቀዳዳዋ ወዲያ ያለው መተላለፊያም መብራቱ ቀይ ነው፤ ትሪ የሚገፋውም ሰው ቀለም እንዳያይ።

ኩባያዎቹን የምታሰናዳው ተቆጣጣሪዋ ናት፤ እትዬ ነው የምንላት። ባለቤቱን የማይናገር ምልክት ትለጥፍባቸዋለች፤ ክብ፣ ኮከብ፣ ጨረቃ፣ እንዲህ ያለ። የማን ምን እንደሆነ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ከለስላሳው ጀምራ እስከ ጨካኙ በመስመር ትደረድራቸዋለች። ቀማሹ ከግራው ይጀምራል። ቃጠሎው በትክክል ካልተደረደረ ቦታ ያለዋውጣል፤ ጣዕሙ ከሁሉ የበለጠው ኩባያ ላይ ደግሞ ማንኪያውን ይተክላል። ማንኪያው የቆመበት አሸናፊ ነው። ወረቀት የለ፣ ንግግር የለ። ትሪው በቀዳዳዋ ይመለሳል፣ በሩ ይከፈታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ትሪው በመተላለፊያው በኩል ሲቀመጥ ለስላሳው በገፊው ግራ ነው። ቀማሹና ገፊው ደግሞ ፊት ለፊት ናቸው። ስለዚህ ገፊው ትሪውን ዞር ሳያደርግ ከገፋው፣ ለቀማሹ ግራው ቀኝ ይሆንበታል፤ ጨካኙ በግራ ይመጣል። በዓለም ላይ ይህን ስህተት ሊሠራ የሚችል ከእኛ ፋብሪካ ሰው በቀር የለም።

ወደ ምሳ ሰዓት እንመለስ። ከቅምሻው በፊት ባለው ቀን ምሳ ቤት ውስጥ ተቀምጠናል። መካኒኩ፣ ጓደኛዬ ነው፣ ነገር ፈለገኝ።

«ምላሱ፣ ባለፈው ቃሪያ ነክሰህ አለቀስክ ይባላል።»

«ያለቀስኩት ለቃሪያው አዝኜ ነው» አልኩት። «ምን አፍ ውስጥ እንደገባ ሲያውቅ ቀልጦ ቀረ።»

«እስቲ እሱን ተወውና፣ ዓይንህ ታስሮ አንዱን ሶስ ከሌላው ትለያለህ?»

«ሶስ? እኔ ቃሪያው የበቀለው ከማሳው በየት በኩል እንደሆነ እነግርሃለሁ። የቆረጠችው ሴት ግራኝ ከሆነችም አይጠፋኝም።»

ጠረጴዛው ሁሉ ሣቀ። እኔም ሣቅሁ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የተባለው በከንቱ አይደለም፤ ሥራ አስኪያጁ ለካ ከኋላዬ ሳሕኑን ይዞ ቆሟል።

«ጥሩ» አለ። «ቋሚዋ ቀማሽ ጉንፋን ይዟት አፍንጫዋ ተደፍኗል። ነገ አንተ ትገባለህ።»

«ጌታዬ፣ እኔ እኮ ባሏ ነኝ። ሰው ምን ይላል?»

«ኩባያው ላይ ስም የለ። ልታዳላ ብትፈልግስ በምን ታውቀዋለህ?» አለና ትንሽ ቆም ብሎ ፈገግ አለ። «ደግሞ ባሏ ከመረጠው በኋላ ማን ይከራከራል?»

መካኒኩ ሹካውን አስቀመጠ። ያኔ ገባኝ። የባለቤቴን ሶስ ካለየሁት፣ የሚጥላት የገዛ ባሏ ነው። ማንም ቢያዝንላት፣ ማንም አቤት ቢልላት፣ «ባልሽን ጠይቂ» ይባላል። በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ፤ ያ በሬ ቢያንስ ሣር በልቷል፤ እኔ ምሳዬንም አልጨረስኩ።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ድንች እየላጠች ነበር። ወሬው ቀድሞኛል።

«አፍህን ለምን አልያዝክም?»

«ይዤው ነበር፣ አመለጠኝ።»

አልሣቀችም። ድንቹን ትልጣለች፣ ልጣጩ ሳይቆረጥ እንደ ሪባን ይወርዳል።

«እንግዲህ አንድ ምልክት ንገሪኝ» አልኳት ቀረብ ብዬ። «አንዲት ነገር። ለምሳሌ ጉሮሮ ላይ ነው የሚይዘው ወይስ ከንፈር ላይ?»

«አልነግርህም።»

«ለምን?»

«ይህን ሁሉ ጊዜ እዚህ ቤት ቀምሰኸው ካላወቅከው፣ ሌላ ማን ሊያውቀው ነው?» አለችኝ። ቢላዋዋን አቆመች። «ግሩም ነው ስትለኝ አልነበር?»

«ነበር እንጂ።»

«በቃ፣ ነገም ግሩሙን ፈልገው።»

ወደ ድንቿ ተመለሰች። እኔም እራቴን በላሁ አልልም፤ ሳሕኑን ነው ያየሁት።

በማግስቱ ፋብሪካው ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር ብል ማጋነን አይሆንም። ከበሩ እስከ መተላለፊያው ድረስ ሰው ግራና ቀኝ ተኮልኩሏል። እኔ አንገቴን ቀና አድርጌ፣ ለሁሉም በእጄ ሰላምታ እየሰጠሁ አለፍኩ። ትሪ የምትገፋው ልጅ በዚያ ቀን አልመጣችም። ሥራ አስኪያጁ የእህቱን ልጅ አየው። ዱቄቱ ነጭ ጋዋኑን እያቃና፣ «ትሪ መግፋት የእኔ ሥራ አይደለም፤ እናት ትግፋው» አለ፣ ባለቤቴን ማለቱ ነው። ምልክቶቹን የምታውቀው እትዬ ብቻ ስለሆነች ማንም ክፋት አላየበትም። ባለቤቴ ወደ ቀይ መተላለፊያው ብቻዋን ገባች። እትዬ ኩባያዎቹን ደርድራ ወጣችና ከሥራ አስኪያጁ ጋር በሩ ላይ ቆመች።

መቀርቀሪያው ከኋላዬ ሲወርድ የሰማሁትን ድምፅ እስካሁን አልረሳውም። ግድግዳዎቹ አንድ እርምጃ ወደ እኔ ቀረቡ። ወንበሩ ላይ ስቀመጥ ጉልበቴ ከግድግዳው ጋር ተሳሰመ። መዝጊያዋ ተነሳች፣ ትሪው ገባ፣ መዝጊያዋ ተመለሰች። አምስት ኩባያ፤ ሁለቱ የተወዳዳሪዎቹ፣ ሦስቱ ለማደናገር የገቡ የፋብሪካው የድሮ ሶሶች። ሁሉም ጥቁር፣ ሁሉም ዝም ብለው ያዩኛል።

ከግራ ጀመርኩ። ማንኪያውን ሞልቼ። ቋሚዋ ቀማሽ በማንኪያ ጫፍ ነው የምትቀምሰው አሉኝ፤ ያ የእሷ አቅም ነው።

መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ቀጥሎ ዝምታ። ከዚያ አንድ ሰው ጆሮዬ ውስጥ ክብሪት ጫረ። እሳቱ በምላሴ ላይ አልቆመም፤ ወደ ጥርሴ ሥር ወረደ፣ ወደ አፍንጫዬ ወጣ፣ በአናቴ በኩል መውጫ ፈልጎ ሲያጣ ተመልሶ ሆዴ ውስጥ ቤት ሠራ። ላቤ ከግንባሬ ሳይሆን ከጫማዬ ነው የጀመረው። ማንኪያው እጄ ውስጥ ለስልሶ ጎበጠ። የወተቱን ማሰሮ አነሳሁና በአንድ ትንፋሽ ጨለጥኩት፤ ሲያልቅ ከማሰሮው እንፋሎት ይወጣ ነበር። ዳቦውን ሁሉ አንድ ላይ ጎረስኩ። ያኔ ነው የገባኝ። ይህ ለስላሳው አይደለም። ጨካኙ ነው። ትሪው አልዞረም።

ባለቤቴ ደንግጣ ረስታው ነው። ሌላ ምን ይሆናል? እድሜዋን ሙሉ የደከመችበት ነገር በዚያ ትሪ ላይ ተቀምጦ፣ እንዴት ብላ ማዞሩ ትዝ ይበላት።

እንግዲህ እንዴት እንደተያዝኩ ተመልከቱ። በሩን ደብድቤ «ትሪው ተገልብጧል» ብል፣ ማን ገለበጠው? ባለቤቴ። ሆን ብላ ነው ይላሉ፣ የባሏን ምላስ አደንዝዛ ልታጭበረብር። ዱቄቱ ይህን ለማለት ጊዜ አያጠፋም። ዝም ብል ደግሞ ምላሴ ሞቷል፤ ምላስ ሳይኖረኝ ምላሱ ተብዬ ተቆልፎብኛል። ቀሪዎቹን አራቱን ቀመስኩ። ውኃ፣ ውኃ፣ ውኃ፣ ውኃ። አንዱ የእሷ ነው፣ እኔም አላውቀውም።

ከበሩ ወዲያ የሥራ አስኪያጁ ድምፅ መጣ።

«ምላሱ፣ ጨረስክ?»

«ገና ነው ጌታዬ» ለማለት ፈለግሁ፤ የወጣው ግን እንደ በግ ያለ ነገር ነው።

«ምን አለ?»

«እያጣጣመ ነው መሰለኝ» አለች እትዬ።

መዝጊያዋ በጣት ውፍረት ያህል ተነሳች። ከንፈር አየሁ፣ ቀይ ብርሃን ውስጥ ጥቁር የሆነ የማውቀው ከንፈር።

«ደህና ነህ?» አለች ባለቤቴ በሹክሹክታ።

«ዝጊው፣ ሰው ያይሻል።»

«ፊትህ ምን ሆኗል?»

«እያሰብኩ ነው።»

ዘጋችው። እኔም ማሰብ ጀመርኩ። ምላስ እምቢ ካለ ሌላ ምን አለኝ? አፍንጫዬ እንደ ተከፈተ ቧንቧ ይወርዳል። ዓይኔ በዚህ መብራት ዋጋ የለውም። በጆሮዬ ሞከርኩ፤ ኩባያውን ወደ ጆሮዬ አስጠግቼ በማንኪያ ሳማስለው፣ የዱቄት ሶስ ድምፅ የለውም፣ ተጠብሶ የተፈጨው ግን ፍሬው ከብረቱ ጋር ሲነካካ ሹክሹክ ይላል። ሁለቱ ሹክሹክ አሉ። በጣቴ ሞከርኩ፤ ከሁለቱ የአንዱን ጠብታ በአውራ ጣቴ አሸሁትና የቃሪያውን ሥጋ ፈለግሁ። ልክ ያገኘሁት ሲመስለኝ ግንባሬን የሚወርደውን ላብ በዚያው ጣት ጠረግሁ። ላቡ ወደ ዓይኔ ወሰደው። ከዚያ በኋላ ቀይ መብራት የሚባል ነገርም አልነበረም።

ወንበሬ ላይ ዓይኔን ጨፍኜ ተቀመጥኩ። ሙቀቱ ይጨምራል፣ አየር የለም፣ ጉልበቴ ግድግዳ ላይ፣ ጀርባዬ ግድግዳ ላይ። ሰዎቹ በር ላይ ሲያንሾካሹኩ ይሰማኛል፤ አንዱ ሣቀ፣ ዱቄቱ መሰለኝ። ጠርሙስ ማጠቢያው ታየኝ። ባለቤቴ ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆማ፣ ስጠራት ውኃው ይጮኽና አትሰማኝም። እንዲህ ያለ ነገር ታይቶኝ አያውቅም።

ከዚያ፣ እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ እሳቱ ከምላሴ ዳር ትንሽ ሸሸ። ከኋላ ጥርሴ ሥር፣ የጥፍር ያህል ቦታ ነፃ ወጣች። አምስቱንም ኩባያ አንድ በአንድ፣ በጠብታ፣ ወደዚያች ቦታ ወሰድኳቸው። አንዱ ኮምጣጤ ብቻ ነው። አንዱ ቃጠሎ ብቻ ነው። አንዱ ማንጎ ነው። አንዱ ንጹሕ ነው፣ በጣም ንጹሕ፣ እንደ አዲስ ሳሙና። የመጨረሻው ሲደርስ መጀመሪያ ጢስ መጣ። ከጢሱ ኋላ የካሮት ጣፋጭነት። ከዚያ፣ ሁሉም ሄደ ሲባል፣ የነጭ ሽንኩርት ምሬት፣ አንዲት ትንፋሽ ያህል ያለፈ። ሰው የባለቤቱን ኮቴ ደረጃ ላይ ሲሰማ እንዴት ያውቃል? እንደዚያ ነው ያወቅኩት። ማንኪያውን አንስቼ ተከልኩት። ዓይኔ ባያይም እጄ አልሳተም። ትሪውን በቀዳዳዋ መልሼ ገፋሁና በሩን በክርኔ መታሁት።

መቀርቀሪያው ሲነሳ የገባው አየር ቀዝቃዛ ነበር። እትዬ ከመተላለፊያው ትሪውን ይዛ መጣች፣ ማንኪያው የቆመበትን ኩባያ አነሳች፣ ምልክቱን አየች፣ ስም ጠራች። የባለቤቴን ስም። ዱቄቱ የአጠገቡን ሰው ትከሻ ይዞ ነው የቆመው። ሥራ አስኪያጁ እጄን ጨበጠና፣ «አሁንስ ስምህን አመንኩ» አለኝ። መካኒኩ በትከሻው ተሸክሞኝ ሁለት ጊዜ ፋብሪካውን አዞረኝ፤ ሦስተኛውን እኔ ነኝ ይቅር ያልኩት። ባለቤቴ የማብሰያ ክፍሉን ቁልፍ ያን ዕለት ተረከበች። ሶሱም ዛሬ የማይሸጥበት አገር የለም፤ መንገድ የሌላቸው አገሮች ድረስ ይሄዳል፣ እንዴት እንደሚደርስ እነሱ ያውቃሉ።

እስከዚህ ጽፌ እስክሪብቶውን ሳስቀምጥ ባለቤቴ ከሥራ ገባች። የጎማ ሽርጧን በሩ ጀርባ ሰቀለችና ከጠረጴዛው ማዶ ተቀመጠች። የጣቶቿ ጫፎች ውኃ ውስጥ ውለው ነጥተዋል፤ በፎጣ ያዘቻቸው።

«ምንድን ነው የምትጽፈው?»

«የቅምሻውን ቀን።»

«እስቲ አንብብልኝ።»

ከመጀመሪያው አነበብኩላት። ወፏ ጋ ስደርስ ሣቀች። ድንቹ ጋ ፈገግ አለች። ነጭ ሽንኩርቱ ጋ ስደርስ ፎጣውን ማሸት አቆመች። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ፤ መሀል አልገባችም።

«ትሪውን አዙሬው ነበር» አለች ቀስ ብላ።

«እንዴት?»

«አዙሬ ነው የገፋሁት። መጀመሪያ የቀመስከው ለስላሳውን ነው፤ ማንጎውን። ልጆች በዳቦ የሚበሉትን።»

ወረቀቶቼን አስተካከልኩ።

«ወተቱን ጨርሰህ መዝጊያውን አንኳኳህ» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። «ትሪውን መልሰህ ሰጠኸኝ። አንቺ ቅመሺልኝ፣ እኔ እዚህ መሞቴ ነው አልከኝ። አምስቱንም ቀመስኩ። ማንኪያውን የተከልኩት እኔ ነኝ።»

«ያንቺው ላይ ነዋ።»

ራሷን ነቀነቀች።

«የእኔን ሁልጊዜ የምቀምሰው ከድስቱ ነው፣ በትኩሱ። ቀዝቅዞ፣ ከኩባያ ቀምሼው አላውቅም ነበር። የቱ እንደሆነ አልለየሁትም።» ፎጣውን አጥፋ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «ከሁሉም የጣፈጠኝ ላይ ተከልኩ። የዱቄቱ ነበር።»